እምቦጭ ተነቅሎ ለምን ይመለሳል? ስለ አሉታዊ ሐሳብ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በባሕር ዳር ልጆች የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ አንድ ጽሑፍ ሲዘዋወር ሰንብቷል። አሉታዊ ሐሳብን እንዴት ማሸነፍ እንደሚቻል የሚመክር ነው። ለእኔም ከሥራ ባልደረቦቼ፣ ከዕድራችን ግሩፕ፣ ከቀድሞ ተማሪዎቼ ደርሶኛል፤ ብዙዎቹ «ግሩም ምክር ነው፣ አንብቡት» የሚል ቃል አክለውበታል። ደጋግሜ አነበብኩት። የጸሐፊው ቅንነት አያጠራጥርም፤ አማርኛቸውም ያማረ ነው። ምክሩ ግን ዋናው ነጥቡ ላይ ተሳስቷል። ስሕተቱ ደግሞ የሚጎዳው ምክሩን ከሁሉ አብልጦ የሚሻውን ሰው ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በመጀመሪያ የጽሑፉን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው ክፉ ሐሳብን ጣና ላይ ከበቀለው እምቦጭ ጋር ያመሳስሉታል፤ ባዩት ቅጽበት ነቅለው ካልጣሉት ይስፋፋል፣ ስለዚህ መጥፎ ሐሳብ ሲመጣ ሳያስተናግዱና ሳይመረምሩ ማባረር ነው፤ ስሙ ሲጠራና በዙሪያው ሲሽከረከሩ ያድጋልና ይላሉ። ቀጥለው በተነቀለው ቦታ በጎ ቃል መትከል እንደሚገባ ይመክራሉ፤ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ «ብርቱ ነኝ፣ አሸናፊ ነኝ» ማለት፤ ይህን 21 ቀን ያደረገ ሰው አእምሮው ይለወጣል። በሦስተኛ ደረጃ፣ «ምን ተሰማኝ?» እያሉ ስሜትን መቆፈር ከውጭ የመጣ ቅንጦት ነው፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን ችለውና ጸልየው ነው ያለፉት፣ ምሥጢርም ለሁሉ አይዘራም ይላሉ። አራተኛ፣ ስሜት ዋሾ ስለሆነ አይታመንም። በመጨረሻም ሐሳብ የሚበዛበት ሰው ሥራ የፈታ ነው፤ ሥራ ይያዝ፣ ይድናል።

ከእምቦጩ ልጀምር፤ ምሳሌው የገዛ ሐይቃችን ነውና። አረሙ ጣና ላይ ከታየበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ሕዝቡ ስንት ጊዜ ለነቀላ እንደወጣ እናስታውሳለን። ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፣ ተማሪው በአውቶቡስ ተጭኖ ሄዶ ነቅሏል፣ ማሽንም ገብቷል። ተመልሶ በቀለ። ዘሩ ከሐይቁ ሥር ደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ዙሪያውን ካለው እርሻ ከአፈር ጋር ታጥቦ የሚወርደው ማዳበሪያና ከከተማ የሚገባው ፍሳሽ ደግሞ ይመግበዋል። ነቀላው አያስፈልግም የሚል የለም፤ ወደ ውሃው የሚገባውን ሳያዩ መንቀል ብቻውን እንደማይበቃ ግን ቅርጫት ተሸክሞ የነቀለ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ ምሳሌው የሚመሰክረው ለጸሐፊው ነው ወይስ በጸሐፊው ላይ?

በሐሳብም ላይ ይኸው ነገር በሙከራ ታይቷል። ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ አዘዛቸው፤ ድቡ ትዝ ባላቸው ቁጥር ደግሞ ደወል እንዲመቱ። ደወሉ ዝም አላለም። ከዚያ «አሁን ስለ ነጭ ድብ ማሰብ ትችላላችሁ» ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ይበልጥ ድቡ ወረራቸው። ነገሩ አይገርምም። አንድን ነገር አለማሰቤን ለማረጋገጥ አእምሮዬ «መጣ? አልመጣም?» እያለ ያንኑ ነገር መፈለግ አለበት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነቅቶ «አታስብ፣ አታስብ» እያለ ከራሱ ጋር የታገለ ሰው ውጤቱን ያውቀዋል፤ ሲገላበጥ ይነጋበታል። ነጭ ድብ ደግሞ ለማንም ምንም አይደለም። በነጭ ድቡ ቦታ «ከንቱ ነኝ» የሚለውን ወይም «ልጄ አንድ ነገር ሆኖ ይሆን?» የሚለውን አስገቡበት።

ታዲያ ማባረሩ ካልሆነ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ ጸሐፊው የጻፉት መንገዱ ሁለት ብቻ እንደሆነ አድርገው ነው፤ ወይ ማባረር ወይ መሸነፍ። ሌላ መንገድ አለ። ሐሳቡ ይዞት የመጣውን ስሜት ለይቶ ማወቅ፣ በስሙ መጥራትና ስሜቱ የሚጠይቀውን ማድረግ ነው። ይህን ስል ምን ማለቴ እንደሆነ አንድ ጉዳይ ላንሳ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ ሰሞን ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪዬን ጣና ዳር፣ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ካለው የእግር መንገድ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩ። የደንገል አገዳ ይዞ ልጡን በጥፍሩ እየላጠ ወደ ውሃው ይወረውራል፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ከንቱ ነኝ። አበቃ።»

የመጀመሪያ መልሴ የእውቀት መልስ ነበር። ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች አንሥቶ በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ነገርኩት። ይህን ያህል ሰው የወደቀበትን ፈተና መውደቅ የአንድን ልጅ ከንቱነት አያሳይም አልኩት። እውነት ነው፤ ግን ጠብ አላለለትም። ራሱን ነቅንቆ መላጡን ቀጠለ።

«ምን ተሰማህ?» አልኩት።

«ደበረኝ።»

«ድብርቱ ውስጥ ምን አለ? ንዴት ነው? ፍርሃት ነው?»

ቆየ። «ቤት መግባት ነው የከበደኝ» አለ። «እማዬ ሌሊት ተነሥታ ዳቦ እየጋገረች ነው ያስተማረችኝ። ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።»

ይህ እፍረት ነው። ልጁም «አፍሬ ነው» ብሎ ራሱ ተናገረው፤ ሲናገረው እጁ መላጡን አቆመ። ከዚያ በኋላ የምናወራው ስለ ሌላ ነገር ሆነ። ለከንቱነት መድኃኒት የለውም፤ ምን ይደረግለታል? ለእፍረት ግን አለው። እፍረት የሚበረታው ሲደበቁ ነው፤ የሚቀንሰውም ያፈሩበት ሰው ፊት ሲቀርቡ ነው። ስለዚህ የዚያን ቀን ሥራው አንድ ብቻ ነበር፤ ቤት ገብቶ ለእናቱ መንገር። ነገራት። ለካ እሷ ውጤቱን ከጎረቤት ልጅ ሰምታ፣ እሱን እንዳታስከፋው ፈርታ ነው ዝም ያለችው። ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልልም፤ ፈተናውን አላለፈም፣ ሐዘኑም ወዲያው አልለቀቀውም። የ5.4 በመቶው ቁጥር ግን ወደ ጆሮው የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። በጽሑፉ ምክር ቢሄድ ኖሮ «ከንቱ ነኝ» የሚለውን እየነቀለ፣ ከእናቱ እየተደበቀ ይከርም ነበር። ሥሩ እፍረቱ ነበርና በነጋታው ያው ሐሳብ ይበቅልበታል።

ስሜትን በስሙ መጥራት ይህን ያህል ለምን ይሠራል? ማቲው ሊበርማን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጥናት ሰዎች በአንጎል ምስል ማንሻ መሣሪያ ውስጥ ሆነው የተቆጡና የፈሩ ሰዎችን ፊት እንዲያዩ ተደረገ። የፊቱን ስሜት «ቁጣ»፣ «ፍርሃት» ብለው በቃል ሲለዩት፣ አሚግዳላ የሚባለው፣ አደጋ ሲመጣ ቀድሞ የሚነቃው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴው ቀነሰ፤ ከግንባር በስተኋላ ያለው፣ ነገርን የሚያመዛዝነው ክፍል ደግሞ በረታ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ሸረሪት የሚፈሩ 88 ሰዎችን ትልቅ ሕያው ሸረሪት ፊት አቀረበ። ከፊሎቹ ፍርሃታቸውንና አስጠሊነቱን በግልጽ ቃል እንዲናገሩ ተደረገ፤ ከፊሎቹ «ይህች ትንሽ ሸረሪት ምንም አታደርገኝም» እያሉ ራሳቸውን እንዲያጽናኑ። ከሳምንት በኋላ ሸረሪቷ ፊት ሲመለሱ፣ በእጃቸው ላብ የሚለካው ድንጋጤ የቀነሰላቸው ፍርሃታቸውን በስሙ የጠሩት ናቸው። የጸሐፊው ምክር ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል ለአንባቢ እተወዋለሁ።

እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው የምሰጠው ነገር አለ። በሐሳብ ዙሪያ መሽከርከር ሐሳብን ያሳድጋል ያሉት ልክ ነው። ሱዛን ኖለን ሆክሰማ የተባለች ተመራማሪ ዕድሜዋን በሙሉ ያጠናችው ይህንኑ ማብሰልሰል ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ካሊፎርኒያን ከመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በፊት የተማሪዎችን ጠባይ መዝግባ ነበርና ከአደጋው በኋላ መልሳ ስታያቸው፣ ቀድሞውንም ሐዘናቸውን የማብሰልሰል ልማድ የነበራቸው ልጆች የበለጠ ተጎድተው አገኘቻቸው። «ለምን እኔ ላይ? ምን ብበድል ነው? ለምን እንደ ሰው አልሆንኩም?» እያሉ መዋልና ማደር ስሜትን ማወቅ አይባልም። ማብሰልሰል «ለምን?» ብሎ ይጀምርና መልስ ሳያገኝ ይዞራል። ስሜትን ማወቅ «ምንድን ነው?» ብሎ ይጀምራል፤ ደረቴ ላይ ነው የከበደኝ ወይስ ጉሮሮዬ ላይ? ተቆጥቼ ነው፣ ቀንቼ ነው፣ ፈርቼ ነው ወይስ ናፍቄ? መቼ ጀመረኝ? ማን ምን ካለኝ በኋላ? መልሱ ሲገኝ ጥያቄው ያልቃል፤ ሰውየው ተነሥቶ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው። ማብሰልሰሉ የያዘው ሰው ደግሞ ራሱን በስሙ ጠርቶ፣ ጓደኛውን እንደሚጠይቅ «አንተ እገሌ፣ ምን ሆነሃል? ምን አስከፋህ?» ብሎ ቢጠይቅ ነገሩን ራቅ ብሎ ለማየት ይረዳዋል፤ ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ይህንኑ ነው። ጸሐፊው ማብሰልሰልን አይተው ስሜትን መመርመርን በሙሉ ኮነኑ። ሁለቱን ቢለዩ ኖሮ ከእኔ ጋር ብዙ አንጣላም ነበር።

ወደ መስታወቱ ልለፍ። በጎ ቃል ለራስ መናገር በራሱ ክፉ አይደለም። ቀድሞውንም ለራሱ ጥሩ ግምት ያለውን ሰው ትንሽ ያበረታታዋል። ጆአን ውድ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ግን ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «እወደዳለሁ» የሚል ቃል እንዲደጋግሙ ሲደረጉ ስሜታቸው ካልደጋገሙት የባሰ ሆነ። ከላይ ያነሣሁትን ልጅ መስታወት ፊት አቁሙትና «አሸናፊ ነኝ» አስብሉት። ውስጡ ወዲያው «ውሸት! ውጤትህን ረሳኸው?» ብሎ ይመልስለታል፤ ከእፍረቱ በላይ የውሸት ስሜት ይጨመርበታል። እንዲህ ያለው ሰው የሚያምነው ቃል ነው የሚያስፈልገው። «አሁን አፍሬያለሁ፤ ግን እናቴን ላናግራት ነው» የሚለው አሸናፊነት የለበትም፤ እውነት ስለሆነ ግን ውስጡ አይከራከርበትም።

21 ቀን የሚባለውም ምንጩ አእምሮን የመለወጥ ጥናት አይደለም። ማክስዌል ማልትዝ የተባለ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 በጻፈው መጽሐፍ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚወስድባቸው አስተውሎ ነበር። «ቢያንስ» የሚለው ቃል በመንገድ ላይ ጠፋና ሕግ ሆኖ ቀረ። ፊሊፓ ላሊ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በለንደን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመችው እንደሚያሳየው፣ አንድ ቀላል ልማድ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ይፈጃል፤ ከ18 እስከ 254 ቀንም ይለያያል። ይህን የማነሣው ለቁጥር ክርክር ብዬ አይደለም። በ22ኛው ቀን ምንም እንዳልተለወጠ ያየ ሰው ምክሩን አይጠረጥርም፤ ራሱን ነው የሚጠረጥረው። «ሌላው ሁሉ በ21 ቀን ሲለወጥ እኔ አልሆነልኝም» የሚል አዲስ ክፉ ሐሳብ አትርፎ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ያስከፋኝ ግን ሦስተኛው ነው፤ ስሜትን ማወቅ የኛ አይደለም የሚለው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ችለው ዝም አሉ? ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ አንድ ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን አይልም። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ሟቹን በስሙ ትጠራዋለች፣ ማንን ጥሎ እንደሄደ፣ ማን እንደጎደለበት፣ የትኛው ደጅ እንደተዘጋ አንድ በአንድ ትዘረዝራለች። ከጥግ በድንጋጤ ደርቆ የተቀመጠው ወንድም ግጥሙ የእሱን ጉድለት ሲነካ ነው ዕንባው የሚመጣው፤ በዙሪያው ያሉት ደግሞ ይህን ስለሚያውቁ «ተዉት፣ ያልቅስ» ይላሉ። ሐዘን ስም ተሰጥቶት፣ በሕዝብ ፊት፣ ለሐዘን በተመደበ ቀን ይወጣል። ሣልስት አለው፣ አርባ አለው፣ ሙት ዓመት አለው። ሐዘንን እንዲህ በቃልና በጊዜ የሚያስተናግድ ሕዝብ ስለ ስሜት ከውጭ ሰው ተማረ ማለት ይከብዳል። በዐቢይ ጾም በገና የሚደረድር ሰውም የሚያዜመው ስለ ገዛ ነፍሱ ጭንቀት፣ ስለ ኃጢአቱ ጸጸት፣ ስለ ሞት ፍርሃቱ ነው።

ጸሐፊው ጸሎትን ጠቅሰዋልና ስለ ጸሎትም ላንሣ። በመዝሙር 42 ላይ ዘማሪው ነፍሱን ለምን እንደምታዝንና ለምን እንደምታውከው ይጠይቃታል። ሳያባርራት፣ ሳይገሥጻትም በፊት ጥያቄ ነው የሚያቀርብላት፤ በእግዚአብሔር ታመኚ የሚላት ከጠየቃት በኋላ ነው። ጌታችንም በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ለሦስቱ ደቀ መዛሙርት ነገራቸው፤ አብረውት እንዲቆዩም ለመናቸው። በማቴዎስ 26 ላይ ተጽፏል። ስሜትን በስሙ መጥራትና ለሚያምኑት ሰው መንገር የእምነት ማነስ ከሆነ ይህን ምን ልንለው ነው?

በጣና ደሴቶች ላይ ገዳማት ያሉን ሰዎች ሆነን ይህን መርሳታችን ያሳዝነኛል። የምንኩስና ትውፊት ሥሩ የግብፅ በረሃ ነው፤ የበረሃው አባቶች ደግሞ ሐሳብን ሳያዩ አባርሩ አላሉም። በ4ኛው መቶ ዘመን በዚያ ይኖር የነበረው ኤቫግሪዮስ ክፉ ሐሳቦችን ስምንት አድርጎ ለይቷቸዋል፤ ሐዘን ከቁጣ፣ ቁጣ በቀትር ከሚመጣው መሰልቸት ተለይቶ የየራሱ ስም አለው። መነኩሴው ሐሳቡ መቼ እንደሚበረታና መቼ እንደሚላላ፣ የትኛውም የትኛውን ተከትሎ እንደሚመጣ እንዲያስተውል ይመክራል። በገዳሞቻችን የሚነበቡት ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት፣ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊም ቢሆኑ የውስጥን ዓለም ጠባቂ ሆኖ ማየትን የሚያስተምሩ ናቸው። ውጊያውን አይክዱም፤ ለጸሐፊው ይህን እሰጣለሁ። ጠላትን ሳያውቁ መዋጋትን ግን አይመክሩም። ሐሳብን ለመምህረ ንስሐ መግለጥም የዚሁ ትውፊት አካል ነው።

እርግጥ የዝምታ ልማድም አለን። «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ወንድ ልጅ አያለቅስም እንላለን። ምሥጢርን ለሁሉም አለመዝራት ጥበብ መሆኑንም እቀበላለሁ፤ ጽሑፉ ይህን ሲመክር ልክ ነው፤ የሆድን ለፌስቡክ መንገርና ለአንድ ወዳጅ መንገር አይገናኝም። ዝምታው ዋጋ እንደሚያስከፍል ግን መካድ የለብንም። ጄምስ ፔንቤከር ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች ለ4 ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ እንዲጽፉ አደረገ። የደረሰባቸውን ከባድ ነገር ከነስሜቱ የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ክሊኒክ መመላለሳቸው ቀነሰ። ለሰው መንገር የማይሆንለት ሰው ለደብተሩ ቢነግረው የሚቀልለው ነገር አለ ማለት ነው። እናቶቻችንማ ቡና ላይ ይህን ሲያደርጉት ነው የኖሩት። አንዷ ስኒ እያነሣች «ዛሬስ ሆዴን ባር ባር ብሎታል» ስትል፣ ሌላዋ «ምነው እታለም፣ ምን አገኘሽ?» ትላታለች። አቦል ላይ የተጀመረው በበረካ ያልቃል። ማንም ቅንጦት ብሎት አያውቅም።

ስሜት ዋሾ ነው የሚለውን በአጭሩ ልመልስ። ስሜት የመጨረሻ ፍርድ እንዳይደለ እስማማለሁ። ፈራሁ ማለት አደጋ አለ ማለት አይደለም፤ ጠላኝ ብዬ ማሰቤም ሰውዬው ጠልቶኛል ማለት አይደለም። አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመረው ሕክምና የቆመው እንዲህ ሳንጠራቸው ድንገት የሚመጡ ሐሳቦችን ይዞ በማስረጃ በመመርመር ላይ ነው። ግን ሊመረመር የሚችለው የተያዘ ሐሳብ ነው፤ ከበር የተባረረውን ማን ይመረምረዋል? ደግሞም ሁሉም ከባድ ሐሳብ የተሳሳተ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ባለው ግጭት ምክንያት ልጇ ከወረዳ ተሳፍሮ እስኪደርስ የምትሰጋ እናት አእምሮዋ አልተበላሸም። ስጋቷ ምክንያት አለው። «አሉታዊ ነገር አታስቢ» የሚላት ሰው ብቻዋን ይተዋታል። ስጋት መሆኑን ካወቀች ግን ማድረግ ያለባት ይገለጥላታል፤ መንገዱን ከሹፌሮች ማጣራት፣ ጉዞውን ለነገ ማለት፣ ደርሶ እንዲደውል መንገር። ከዚያ የተረፈው ከእጇ ውጭ ነው፤ ያንን ለፈጣሪ ትሰጣለች።

ሥራ መያዝ ይረዳል ላሉት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከጎናቸው ነኝ። በድብርት ውስጥ ላለ ሰው ትንሽም ብትሆን ሥራ መጀመር፣ ከቤት መውጣት፣ በእግር መሄድ ከታወቁት ሕክምናዎች አንዱ ነው። «ሐሳብ የሚበዛበት ሥራ የፈታ ነው» የሚለው ግን ስድብ ነው፤ እውነትም አይደለም። ሌሊት ታንኳውን ይዞ ወጥቶ ንጋት ላይ ቆሮሶና አምባዛ ይዞ የሚመለስ ዓሣ አጥማጅ፣ ከማለዳ እስከ ምሽት ባጃጅ ላይ የሚውል ወጣት፣ ተረኛ ሆና ያደረች ነርስ ሐሳብ አይበዛባቸውም? ባጃጁ ላይ ያለውን እዩት። በነዳጅ ሰልፍ በተቆጣ ቁጥር ተሳፋሪ ላይ ይጮኻል፤ ቁጣው ውስጥ ያለው ግን የባለንብረቱን የቀን ገቢ ሳይሞላ የመምሸቱ ፍርሃት ነው። ሥራ አልጎደለውም። ፍርሃቱን ቢያውቀው ንግግሩ ከተሳፋሪው ጋር መሆኑ ቀርቶ ከባለንብረቱ ጋር ይሆን ነበር።

አሁን ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣው አንድ ነገር አለ፤ ለእኔ ከአምስቱም ነጥቦች የሚከብደው ይህ ነው። ራስን ማወቅም ሆነ መስታወት ፊት መቆም የማይበቃበት ጊዜ አለ። አንድ ሰው ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ ቀኑን አብዛኛውን ጊዜ፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ከከፋው ወይም ይወደው የነበረው ሁሉ ካስጠላው፤ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ከተዛባ፤ ሥራውና ትምህርቱ ከቆመ፣ ይህ ድባቴ የሚባለው የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው። እዚሁ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም የአእምሮ ሕክምና አለ። ስለ መሞት የሚያወራ ወይም ዕቃውን ለሰው ማደል የጀመረ ሰው ካለ ደግሞ «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ በጥናት ደጋግሞ የታየ ነገር ነው። ክፉ ሐሳብ ስሙ ሲጠራ ያድጋል የሚለው የጽሑፉ እምነት ሰው ሊገድል የሚችለው እዚህ ጋ ነው፤ ቤተሰብ መጠየቅ ፈርቶ ዝም ይላልና። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት። ቤት ውስጥ ያለውን የፀረ ተባይ መድኃኒት ከእጁ አርቁ። በዚያው ቀን አንድ ሰው አብሮት ሆስፒታል ይሂድ፤ ወረፋውንም አብሮት ይጠብቅ። ጠበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ ሐኪም ያዘዘለትን ኪኒን ግን በዚያ ምክንያት አያቋርጥ።